የንጉሡ ቁስልና የእኛ ዝምታ

አማርኛ ለሆድ ያልሰጠው ሥልጣን የለም። የተከፋውን «ሆድ ባሰው» እንላለን፤ ቻዩን «ሆደ ሰፊ»፣ አዛኙን «ሆደ ቡቡ» እንለዋለን። ሊነገር የማይገባው ነገር ሲገጥመን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እናልፋለን። ይህን ሁሉ ክብር የተሸከመው ሆድ ግን መጨረሻ አለው። ወደ ታች ወርደን የትልቁ አንጀት ማብቂያ ዘንድ ስንደርስ ያ ሁሉ ቅኔ ይነጥፋል። «መቀመጫ» እንላለን፤ «ከበታች» እንላለን፤ ፊንጢጣ የሚለውን ትክክለኛ ስሙን በሰው ፊት ያነሣ ግን እንደ ባለጌ ይቆጠራል።

ሕመሙም ከአካሉ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። ከዚያ አካባቢ የሚነሣው ሁሉ፣ ቢደማም፣ ቢያብጥም፣ ቢመግልም፣ ቢያሳክክም፣ አንድ ስም ተሰጥቶታል፦ ኪንታሮት። ይኸው ቃል በእጅና በፊት ቆዳ ላይ ለሚወጣው ትንሽ እበጥም ያገለግላል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሲሸከም መለየት ያለበት ነገር ይደባለቃል። ስሙ ያልተለየ ሕመም ደግሞ ለሐኪም በቅጡ አይነገርም፤ በቅጡ ያልተነገረውም በቅጡ አይታከምም።

ከዚህ በታች የምተርከው የሰው ልጅ ስለዚህ የአካል ክፍል ዝምታውን የሰበረባቸውን ጥቂት ጊዜያት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

* * *

የጥንት ግብጻውያን እንደ እኛ አላፈሩም። ከአራት ሺህ ዓመታት በፊት በፈርዖኖቹ ቤተ መንግሥት ይህን የአካል ክፍል የሚከታተል ሐኪም ነበራቸው። የማዕረግ ስሙ በቀጥታ ሲመለስ «የፊንጢጣ እረኛ» ማለት ነው። ከእነዚህ እረኞች አንዱ፣ ኢሬናኽቲ የተባለው ሐኪም፣ ይህን ማዕረግ ከሌሎች ማዕረጎቹ ጋር በመታሰቢያ ድንጋዩ ላይ አስቀርጾታል። ለዘለዓለም እንዲነበብ በተጻፈ ድንጋይ ላይ! ዛሬ በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም ከሚገኙት የቼስተር ቢቲ ፓፒረሶች አንዱም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ዓመት ገደማ የተጻፈው፣ በአብዛኛው ስለዚሁ ሕመም መድኃኒቶች ይናገራል።

ግሪኮችም ከሂፖክራጥስ ስም ጋር በተያያዙት የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አንዱን ለኪንታሮት፣ ሌላውን ለፊስቱላ መድበዋል። ፊስቱላ ሲባል የእኛ አንባቢ ወዲያው የሚያስበው በተራዘመ ምጥ በእናቶች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነው፤ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1974 በአዲስ አበባ ሆስፒታል ያቋቋሙለትን። እዚህ የምናወራው ሌላ ነው። በፊንጢጣ ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ ትመግላለች፤ መግሉ መውጫ ሲያጣ ሥጋውን ሰርስሮ በቆዳ ላይ ይፈነዳል፤ የሰረሰረው መንገድ ሳይደፈን ሲቀር ከአንጀት ወደ ቆዳ የሚወስድ ቀጭን ቦይ ይሆናል። ይደርቃል ሲሉት ይመግላል፤ ዳነ ሲሉት ያገረሻል። የግሪኩ መጽሐፍ ለዚህ ያዘዘው የፈረስ ጭራና የተልባ እግር ክር አንድ ላይ ገምዶ በቦዩ ውስጥ ማሳለፍ፣ ማሰርና ሥጋውን ቀስ በቀስ እስኪቆርጠው ድረስ በየጊዜው ማጥበቅ ነበር። ክሩ ተለወጠ እንጂ ዘዴው ዛሬም አልቀረም። ለኪንታሮት ደግሞ የጋለ ብረት ታዟል። ሕመምተኛው በሚተኮስበት ጊዜ ይጩኽ ይላል መጽሐፉ፤ ሲጮኽ አካሉ ወደ ውጭ ይገፋልና። ጩኸትን ከሕክምናው አንድ ክፍል ያደረገ ማዘዣ ከዚህ ሌላ አላነበብኩም።

በቅዱሳት መጻሕፍትም አሻራው አለ ይባላል። በቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 5 እና 6 ላይ ፍልስጥኤማውያን ታቦቱን ማርከው በወሰዱ ጊዜ የአዛጦን፣ የጌትና የአቃሮን ሰዎች በእባጭ ተመቱ፤ ታቦቱንም ሲመልሱ አምስት የወርቅ እባጮችና አምስት የወርቅ አይጦች ሠርተው ላኩ። የአማርኛው ተርጓሚ «እባጭ» ያለውን የ1611ዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኪንታሮት ብሎ ተርጉሞታል። አይጦቹን ያስተዋሉ ሊቃውንት ግን ነገሩ የወረርሽኝ እባጭ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እዚያም ቢሆን አንድ ቃል ሁለት በሽታ ተሸክሞ ይገኛል።

* * *

ቃላቱን ለመለየት ከደከሙት ሰዎች መካከል በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የማከብረው እንግሊዛዊውን ጆን አርደርንን ነው። በ1307 ተወለደ፤ ኒውአርክ በምትባል ከተማ ሲያክም ቆይቶ በ1370 ወደ ለንደን ገባ፤ በ1376 ስለ ፊስቱላ የሚያስተምር መጽሐፍ ጻፈ። ዘመኑ የመቶ ዓመቱ ጦርነት ዘመን ነው። ብዙዎቹ ባላባቶች ዕድሜያቸውን በኮርቻ ላይ የሚፈጁ፣ መቀመጫቸው የሚቆስል ሰዎች ነበሩ። ሌሎቹ ሐኪሞች ቁስሉን በሚያቃጥል መድኃኒት ሲያሠቃዩት አርደርን ቦዩን በጥንቃቄ ቀዶ ይከፍትና በንጹሕና ለስላሳ መሸፈኛ ያስታምመው ነበር። ለድካሙም አላፈረም፤ ከባለጸጋ 40 ፓውንድ ይጠይቅ እንደነበር፣ ከ100 ሽልንግ በታችም እንዳልተቀበለ ራሱ ጽፏል።

እኔን የነካኝ ግን ስለ ገንዘቡ የጻፈው አይደለም። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ «ቡቦ» ብሎ የሰየመውን ሌላ ሕመም ይገልጻል። በአንጀቱ መጨረሻ ውስጥ ተደብቆ የሚያድግ፣ በመጀመሪያ ብዙ የማያሳምም፣ ቆይቶ ግን ሕመምተኛውን ቶሎ ቶሎ ወደ ደጅ የሚያስወጣ፣ ደም የቀላቀለ ነገር የሚያስቀምጥ ሕመም ነው። አላዋቂ ሐኪሞች የደም ተቅማጥ ነው ብለው ያክሙታል ይላል። መለያውን ሲነግረንም፣ ሐኪሙ ጣቱን አስገብቶ ይዳስስ፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ካገኘ ተቅማጥ አይደለም። ዛሬ የፊንጢጣ ካንሰር የምንለውን መግለጹ ነበር። ከዚህ ሕመም የዳነ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም ብሎ ይደመድማል።

ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት፣ ማጉያ መነጽርም ራጅም በሌለበት፣ አንድ ሰው በአንድ ጣትና በአንድ ቅን ዓረፍተ ነገር ሁለት በሽታዎችን ለየ። ደም ሲታይ «አሜባ ነው» እየተባለ ወራት የሚያልፍባቸውን ሰዎች ሳስብ ይህ መጽሐፍ ያረጀ አይመስለኝም።

* * *

አሁን ወደ ንጉሡ እንግባ። ሉዊ 14ኛ፣ «የፀሐይ ንጉሥ» የተባለው የፈረንሳይ ገዥ፣ በ1686 መጀመሪያ ላይ በመቀመጫው አጠገብ እብጠት ተሰማው። 47 ዓመቱ ነበር። ከእንቅልፉ መነሣቱና ጫማው መጠለቁ ሳይቀር ባለሟሎች ተሰልፈው የሚያዩት ሥርዓት የነበረው ሰው ነው፤ ስለዚህ የሚደብቀው አካል እምብዛም አልነበረውም። እብጠቱ መግል ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ፊስቱላ ሆነ። ዋናው የንጉሡ ሐኪም ዳኬን በቅባትና በፋሻ ሞከረ። የማዕድን ውሃ ይፈውሳል ተባለና ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ሌሎች ሰዎች ወደ ፍልውሃ ተልከው ተሞከረባቸው፤ አልፈወሰም። ንጉሡ በፈረስ ላይ መቀመጥ ተሳነው።

የቀረው ቢላዋ ነበር። ቢላዋ የሚይዘው ግን ሐኪሙ አልነበረም። በዚያ ዘመን ሐኪም በላቲን የሚናገር የተከበረ ሊቅ ነው፤ ቀዶ ጥገና ደግሞ ከፀጉር አስተካካዮች ጋር በአንድ ማኅበር የሚቆጠር የእጅ ሙያ ነበር። የንጉሡ ቀዳጅ ሻርል ፍራንሷ ፌሊክስ ይህን ሥራ ከዚያ በፊት አልሠራውም። ጊዜ ጠየቀ፤ ለወራትም በዚሁ ሕመም በሚሠቃዩ የፓሪስ ድሆች ላይ ተለማመደ። ከእነርሱ መካከል የሞቱም እንደነበሩ ይተረካል። የንጉሡ ሕመም በየቀኑ በሐኪሞቹ መዝገብ ሲሰፍር የእነዚህን ሰዎች ስም ማንም አላቆየልንም።

ፌሊክስ ለሥራው አዲስ መሣሪያ አሠራ፦ ጫፉ ረጅምና ቀጭን፣ ስለቱ በብር የተሸፈነ ቆልማማ ቢላዋ። ጫፉ የቦዩን መንገድ ተከትሎ ይገባል፤ ከዚያ ሽፋኑ ይወጣና ስለቱ ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከፍተዋል። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ሥፍራ መውጫውን እንደ ቀለበት የሚይዝ ጡንቻ አለ፤ ጥቂት የተቆረጠ እንደሆነ ቁስሉ አይድንም፤ ብዙ የተቆረጠ እንደሆነ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ራሱን መቆጣጠር ይሳነዋል።

ኅዳር 18 ቀን 1686፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ሥራው ተጀመረ። ጉዳዩ እስከዚያች ቀን በምስጢር ተይዞ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ማዳም ደ ማንትኖን፣ ሚኒስትሩ ሉቯ፣ የንስሐ አባታቸው ላሼዝ፣ ሐኪሞቹ ዳኬንና ፋጎን ነበሩ። ማደንዘዣ የሚባል ነገር አልነበረም። ንጉሡ የአምላክን ስም ከመጥራት በቀር አልጮኸም ይባላል። በዚያው ዕለት የመንግሥት ጉባኤውን ሰበሰበ፤ በማግስቱ አምባሳደሮችን ተቀበለ፤ ፊቱ ላይ ላብ ይታይ ነበር። በታኅሣሥ ቁስሉ እንደገና ተከፍቶ ተስተካከለ። ጥር 1687 ሲገባ ንጉሡ ድኗል።

ፌሊክስ መሬት፣ የመኳንንት ማዕረግና እጅግ ብዙ ገንዘብ ተሸለመ። ከዚህ በኋላ ነው ታሪኩ እንግዳ የሚሆነው። ንጉሡ የታመመው ሕመም ክብር ሆነ! የዘመኑ ቀዳጅ ዲዮኒ እንደጻፈው፣ ከሠላሳ የሚበልጡ የቤተ መንግሥት ሰዎች እነርሱም እንዲቀደዱ ለምነዋል፤ ሕመሙ የለባችሁም ሲባሉም ተቆጥተዋል። ትናንት በሹክሹክታ የማይነገረው ነገር ዛሬ በአዳራሽ የሚኩራሩበት ሆነ። የታሪክ ጸሐፊው ሚሽሌ ከብዙ ዘመን በኋላ የሉዊን ዘመነ መንግሥት «ከፊስቱላው በፊት» እና «ከፊስቱላው በኋላ» ብሎ እስከ መክፈል ደርሷል።

የሙዚቃ ወዳጆች ደግሞ አንድ የሚያሳዝን ነገር ከዚህ ጋር ያስታውሳሉ። የንጉሡን መዳን ለማክበር በጥር 1687 በፓሪስ የምስጋና መዝሙር ሲቀርብ፣ የሙዚቃው ሊቅ ሉሊ ምት የሚመታበትን ረጅም ዘንግ እግሩ ላይ አሳረፈው። ቁስሉ መረቀዘ፤ ይቆረጥ ሲባል እንቢ አለ፤ መጋቢት 22 ቀን ሞተ። ንጉሡ ሊነገር ከሚያሳፍር ቁስል ዳነ፤ ሙዚቀኛው ማንም በማያፍርበት የእግር ጣት ቁስል ሞተ።

ቀዳጆችን በተመለከተ ግን ያች ጠዋት ፍሬ አፍርታለች። በሽልማትና በክብር የጀመረው ነገር አድጎ በ1731 በፈረንሳይ የቀዶ ጥገና ንጉሣዊ አካዳሚ ተቋቋመ፤ በ1743 ቀዳጆች ከፀጉር አስተካካዮች ማኅበር ተለዩ። ዛሬ ቀዶ ሐኪሙን «ዶክተር» ብለን ስናከብር፣ ከክብሩ ጥቂቷ ከንጉሥ መቀመጫ የመጣች ናት ብል ድፍረት አይሁንብኝ። በማስታወሻዬም ላይ ይህችን ሁለት ስንኝ ጻፍኩ፦

ዙፋን ላይ ያለውም ሕመሙን ካወጣ፣
በርጩማ ላይ ያለው ምነው ቃሉን አጣ?

* * *

በርጩማ ላይ ላለው ሰው በር የተከፈተው ግን ዘግይቶ፣ በለንደን ነው። ፍሬድሪክ ሳልመን የተባለ ቀዶ ሐኪም በ1835 ሰባት አልጋ ብቻ ያላት ትንሽ የሕክምና ቤት ከፈተ። ስሟ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም፤ በፊስቱላና በሌሎች የፊንጢጣ ሕመሞች ለሚሠቃዩ ድሆች መርጃ ትባል ነበር። ሉዊን ለማዳን ድሆች መለማመጃ ሆነው ነበር፤ አሁን ቤቱ የቆመው ለእነርሱ ሆነ።

የሳልመን እጅ ካረፈባቸው አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቻርልስ ዲክንስ ነው። የ«ኦሊቨር ትዊስት» ደራሲ በጥቅምት 1841፣ በ29 ዓመቱ፣ «ባርናቢ ራጅ» የተባለውን ልብ ወለድ በየሳምንቱ እያወጣ ሳለ በፊስቱላ ተቀደደ። ኤተር በቦስተን ለማደንዘዣነት በይፋ የታየው በ1846 ስለሆነ፣ እርሱም እንደ ሉዊ ነቅቶ ነው የቻለው። ልብ ወለዱን ግን አላቋረጠም፤ በጥር 1842 ወደ አሜሪካ በመርከብ ተሳፈረ። ንጉሥና ደራሲ በአንድ ቢላዋ ሥር እኩል ሆኑ።

የሳልመን ቤት በ1854 ወደ ሰፊ ሕንጻ ተዛወረች፤ በቅዱስ ማርቆስ በዓል ቀን ስለተከፈተች ቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ተባለች። ዛሬ ያለንን የዚህ ሕመም ዕውቀት ብዙውን ያፈራችው እርሷ ናት። ጉድሶል የፊስቱላ ቦይ በየት በኩል እንደሚታጠፍ ከውጭ ቀዳዳው ሥፍራ የሚገመትበትን ደንብ ከዚያ አወጣ። የሥነ ደዌ ሐኪሙ ኩትበርት ዱክስ በ1932 የፊንጢጣ ካንሰር ምን ያህል ዘልቆ እንደ ሄደ በሦስት ደረጃ ከፈለው። አርደርን «የዳነ አላየሁም» ያለለት በሽታ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ከተገኘ አብዛኛው ሰው እንደሚድን የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቢላዋው ብቻ አልነበረም፤ ጊዜ ነው። ጊዜን የሚሰጠው ደግሞ ቶሎ የተናገረ አፍ ነው።

* * *

ለእኛ ቀረብ ያለው ምዕራፍ ከኡጋንዳ ይመጣል። አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ከ1946 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል በዚያ ሲያገለግል አንድ ነገር አስተዋለ። በአውሮፓ ሆስፒታሎች የሚያጨናንቁት የትልቁ አንጀት ሕመሞች በገጠሩ አፍሪካዊ ዘንድ እምብዛም አልነበሩም። የሁለቱን ወገኖች ምግብ አነጻጸረ፤ ምግቡ ከአፍ እስከ መውጫው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለካ፤ የሰገራውን ክብደት ሳይቀር መዘነ። ያልተፈተገ እህልና አትክልት የሚበላው ሰው አንጀት በቀላሉ ይጸዳል፤ ነጭ ዱቄት የሚበላው ያምጣል፤ ማማጥም የደም ሥሮቹን ያሳብጣል አለ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ስለ ካንሰር ያለውን ሐሳብ ይበልጥ ውስብስብ ቢያደርጉትም፣ ለድርቀትና ለኪንታሮት የእህል አሰር ዋነኛ ረዳት መሆኑ ጸንቷል።

ጤፍ ከመድቀቋ የተነሣ ገለባዋ ተለይቶ አይፈተግም፤ እንዳለች ትፈጫለች። እናቶቻችን ሳያውቁት የበርኪትን ማዘዣ ሲጋግሩልን ኖረዋል። ከተማው ግን ነጭ ዳቦውንና ወንበሩን እያበዛ ነው። እኔ ራሴ ከባንክ መስኮት ጀርባ ቀኑን በመቀመጥ ከሚያሳልፉት ወገን ስለሆንኩ ይህ ለእኔም ሩቅ ወሬ አይደለም።

* * *

ታዲያ አንዱን «ኪንታሮት» የሚለውን ቃል ብንፈታው ምን ምን ይወጣዋል? ቶምሰን የተባለ እንግሊዛዊ በ1975 እንዳሳየው፣ ሁላችንም በመውጫው ውስጥ ለስላሳ የደም ሥር ትራሶች ይዘን ተወልደናል፤ ኪንታሮት የሚባለው እነዚህ ሲያብጡና ሲንሸራተቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም ደማቅ ቀይ ደም ያሳያል። ሲጸዳዱ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ካለ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። እብጠት፣ ትኩሳትና መግል ካለ የንጉሡ መንገድ ነው። የአብዛኛው ሰው ኪንታሮትና ስንጥቅ አሰር ባለው ምግብ፣ በውሃ፣ ባለማማጥና ለብ ባለ ውሃ ውስጥ በመዘፍዘፍ ይሻለዋል፤ ያልተሻለውን ኪንታሮት ሐኪም በትንሽ የጎማ ቀለበት አስሮ ያደርቀዋል፤ ይህ ዘዴ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። የሚበላ ቅባትና የሚያቃጥል ቅጠል ግን አርደርን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተወው ነገር ነው።

ከሰገራ ጋር የተቀላቀለ ወይም የጠቆረ ደም፣ ለሳምንታት የተለወጠ የአንጀት ልማድ፣ ወጥቶም ያላለቀ የሚመስል ስሜት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የደም ማነስ፣ በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር መኖር፤ እነዚህ ሲታዩ «ኪንታሮቴ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ጎዳና ላይ «ኪንታሮት እናድናለን» የሚሉ ማስታወቂያዎችን የሚጽፉ ሰዎች ጣታቸውን ይሁን መነጽራቸውን ተጠቅመው ይህን ከዚያ እንደማይለዩ ማሰብ ይበጃል። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ምንም ሕመም ባይኖራቸውም ከ45 ዓመታቸው ጀምሮ እንዲመረመሩ በ2021 የወጣው መመሪያ ይመክራል። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ትንሽ ሥጋ ሆኖ በሚበቅልበት ጊዜ በመመልከቻው ቱቦ በኩል ተቆርጦ ሊወጣ ይችላልና።

በዚህም ዘመን ዝምታውን የሰበሩት የታወቁ ሰዎች ናቸው። በሐምሌ 1985 ፕሬዚዳንት ሬገን የአንጀት ካንሰር ተቀዶ ሲወጣላቸው አገሩ ሁሉ ስለ አንጀት አወራ። በ2000 ጋዜጠኛዋ ኬቲ ኩሪክ፣ ባሏን በ42 ዓመቱ በዚሁ በሽታ ያጣችው፣ የራሷን የአንጀት ምርመራ በቴሌቪዥን አሳየች፤ ከዚያ በኋላ የሚመረመረው ሰው ቁጥር እንደጨመረ ተመዝግቧል። የቬርሳይ ባለሟሎች ያላስፈለጋቸውን ቀዶ ጥገና ለመኑ፤ እነዚህ ግን የሚያስፈልጋቸውን ምርመራ ጠየቁ።

እኛ ንጉሥ አያስፈልገንም። አንድ ዘመድ፣ አንድ የሥራ ባልደረባ፣ አንዲት እናት «ደም አየሁ» ብትል ይበቃል፤ ሰሚውም ሳይስቅ፣ ሳያፍር «ነገ አብረን እንሂድ» ቢል ይበቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት አባቶቻችን፣ ከእምብርት በላይ ያለውን ብቻ ማለታቸው አልነበረም።